ቀይ ክር የታሰረበት አደራ

ፈሪ መሆኔን እኔው ቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ እናንተ ስትደርሱበት ከማፍር። ውሻ እፈራለሁ። ሊፍት እፈራለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ጠርቶ ጠርቶ እስኪዘጋ ከሩቅ አየዋለሁ። መንታ መንገድ ላይ እንቁላል፣ የዶሮ ላባ ወይም የተቋጠረ ጨርቅ ተጥሎ ካየሁማ በዚያ ሰፈር ለአንድ ሳምንት አላልፍም። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ «አንተን ያገባሁት ቤት ውስጥ ወንድ እንዲኖር ነበር፤ በሩ ሲንኳኳ የምከፍተው ግን እኔ ነኝ» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነበር። አሁን እሷ የለችም፤ በሩ ሲንኳኳ ዝም እላለሁ።

እንዲህ ያለውን ሰው ዕቃ አድራሽ አድርጎ የሚቀጥር ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን መሥሪያ ቤታችን ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋሃደ ተባለ። ፋይሎቹ ተዋሃዱ፣ ወንበሮቹ ተዋሃዱ፣ እኔ ሳልዋሃድ ቀረሁ። ሥራ ፍለጋ ስንከራተት ነው እትዬ ዘነበች ዘንድ የደረስኩት። እትዬ ዘነበች ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ያረጀ ፎቅ ላይ በአንዲት ክፍል ውስጥ የዕቃ ማድረስ ሥራ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ስለ ትምህርቴ አልጠየቁኝም።

«ፒያሳ ነው ያደግኸው?» አሉኝ።

«ተወልጄም አድጌም።»

«የፈረሰውን ታስታውሳለህ?»

«እንዴት እረሳዋለሁ?»

«በቃ፣ ሰኞ ና።»

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ወጣቶቹ አድራሾች ስልካቸው ላይ ካርታ አለ፤ ካርታው ግን የሚያውቀው አሁን ያለውን ነው። የእኛ ሰፈር ደንበኛ ደግሞ ቤቱን የሚያመለክተው በሌለው ነው። «ዳቦ ቤቱ የነበረበት ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍና፣ ድሮ ትልቅ ዛፍ የነበረበትን አልፈህ፣ የልብስ ሰፊው በር ከነበረበት ፊት ለፊት» ይላል። ዳቦ ቤቱ የለም፤ ዛፉም የለም፤ ልብስ ሰፊውም ወዴት እንደሄደ እንጃ። ካርታው ይህን ሲሰማ ይደነዝዛል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እደርሳለሁ፤ ዓይኔን ከገለጥኩ ነው የምጠፋው።

እንደዚህ ድርጅት ነፍሱ የጠነከረ አላየሁም። እትዬ ዘነበች የጀመሩት በአንዲት አሮጌ የዕቃ መኪና ነበር። የነዳጅ ሰልፍ በዛና ሾፌሩ ከቤቱ ይልቅ ማደያ የሚውል ሆነ። መኪናዋን ሸጡና ሞተሮች ገዙ። ሞተር ላይ መመሪያ መጣ። ሞተሮቹን ሸጡና ብስክሌት ገዙ። የፒያሳን ቁልቁለትና ዳገት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ሲሄዱ እየበረሩ፣ ሲመለሱ ብስክሌቱን እየተሸከሙ ሆነ። በመጨረሻ ብስክሌቶቹም ሄዱና እግር ቀረ። አሁን ሦስት እግረኞች ነን። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰፈር ደርሰን በጩኸት እንጣራለን። መብራት ሲጠፋ እትዬ ዘነበች መዝገቡን መስኮት ሥር ይዘው ሄደው ይጽፋሉ። በዙሪያችን ባለ መስታወት በር ድርጅቶች ተከፍተው ተዘግተዋል፤ እሳቸው ግን እዚያችው ወንበር ላይ ናቸው። «ሰው ለሰው ዕቃ መላኩን እስካልተወ ድረስ እኔን የሚዘጋኝ የለም» ይላሉ።

እኔ ግን ልዘጋቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። በመጀመሪያው ወር የልደት ኬክ አደርስ ዘንድ ተላክኩ፤ ምልክቱ «ድንኳን የተተከለበት ቤት» የሚል ነው። ድንኳን አየሁ፣ ገባሁ፣ ኬኩን ከነሻማው መሃል አስቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ነበር። በሁለተኛው ወር የአንዱን ሰው ጫማ፣ ሰውየው ቤት ስላልነበረ፣ እንደ ሰፈራችን ወግ ለጎረቤት ሰጠሁ። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስድስት ዓመት ሰላም ተባብለው እንደማያውቁ የነገረኝ አልነበረም። ጫማውን ለማስመለስ ሽማግሌ ተቀመጠ። እትዬ ዘነበች አልጮሁብኝም፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ሦስተኛ ጥፋት ከመጣ እግርህን ይዘህ ትሄዳለህ» አሉኝ። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ይህ ሥራ ከሄደ ሌላ የሚቀጥረኝ አልነበረምና ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረጃውን የምወጣው በጣቴ ጫፍ ሆነ።

ሦስተኛው ጥፋት በአንድ ቅዳሜ ቀን መጣ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ዘነበች ከሻይ ቅጠል ፓኮ ብዙም የማትበልጥ የካርቶን ሳጥን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠሩኝ።

«አፍንጮ በር፣ ጋሽ ደምሴ ለሚባሉ ሰው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እጃቸው ትግባ። ተሰባሪ ናት። አትክፈታት፣ አታናውጣት፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጣት።»

«ምንድን ናት?»

«የሰው ዕቃ።» ሁልጊዜ መልሳቸው ይኸው ነው። ከዚያ ግን ጠጋ አሉና፣ «የሰው ትዳር ያለው እዚህ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ትዳሩም የለም፣ አንተም የለህም» አሉኝ።

የሰው ትዳር በዚያች ሳጥን ውስጥ እንዴት እንደሚገባ እያሰብኩ ደረጃውን ወረድኩ። ቀለበት ይሆን? ቀለበት አይሰበርም። ውጭ እንደወጣሁ የቤቱን ምልክት ልጠይቅ ደወልኩ። ስልኩ ተነሣ፤ ከውስጡ ግን የሰው ቃል ሳይሆን «ፍፍፍ… ሽሽ… ፉ» የሚል ነገር መጣ። ሄሎ ብል አሁንም «ፍፍፍ»። ዘጋሁት። ወዲያው ተመልሶ ተደወለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የማልፈልገውን ስልክ አነሣሁ። ሴት ናት፣ ድምፅዋ ትሁት ነው።

«ይቅርታ አባባ፣ ቅድም ያነሡት አባቴ ናቸው። ዛሬ መናገር አይችሉም።»

«አሟቸው ነው?»

«ኧረ አላመማቸውም። እርስዎ የያዙት ሲደርስ ይናገራሉ።»

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? እኔ ሲደርስ ሰው የሚያናግር ዕቃ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። ሳጥኗን ከብብቴ አውጥቼ በሁለት ጣት ያዝኳት። ልጅቱ ምልክቱን ነገረችኝ፦ ወፍጮ ቤቱ ከነበረበት መንታ መንገድ ወደ ቀኝ፣ ሰማያዊው በር የነበረበት ጋ። ከዚህ በላይ ለመስማት ድፍረቱ አልነበረኝም።

ቁልቁል ስወርድ ሳጥኗ ውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። ቆምኩ። ዝም አለ። ተራመድኩ፤ «ቀጭ»። ፈጠን አልኩ፤ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ»። ድልድዩ ላይ ስደርስ የምሸሸው ከያዝኩት ዕቃ ነበር፤ ዕቃው ግን እጄ ላይ ስለሆነ እኩል ነው የምንደርሰው። አንዲት ሴትዮ ዞር ብለው አይተውኝ አማተቡ። እኔም አማተብኩ፤ ሳማትብ ሳጥኗ ተናወጠችና ጭራሽ ብዙ ጊዜ አከታትላ ቀጭ ቀጭ አለች።

ዳገቱን ጨርሼ ወፍጮ ቤቱ የነበረበት መንታ መንገድ ላይ ስደርስ ውሻ ከአንድ በር ሥር ወጣ። ከጉልበቴ የማይበልጥ ውሻ ነው ብለው በኋላ ያዩት ሰዎች መስክረዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። «ው» ሲል፣ «ፍ» እስኪል አልጠበቅኩም። መቼ እንደጣልኳት አላውቅም፣ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፤ የመጀመሪያው ክፍት በር ውስጥ ገብቼ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፀጉር ቤት ኖሯል። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛ መጣልኝ ብሎ ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረና፣ «እንዴት ላድርግልህ?» አለኝ።

ውሻው አሁንም ደጅ ይሰማኛል። «እንደፈለግህ አድርገው፤ ብቻ ቀስ ብለህ» አልኩት።

ቀስ ብሎ ቆረጠ። በቀኝ በኩል ጨርሶ ወደ ግራ ሊዞር ሲል፣ ከጨርቁ ሥር እጆቼ ባዶ መሆናቸው ታወቀኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል። «ወንድሜ፣ ጨርቁን!» እያለ ሲጠራኝ ግማሽ ጭንቅላቴን ተቆርጬ፣ ነጭ ጨርቅ አንገቴ ላይ እየተውለበለበ መንገድ ላይ ነበርኩ።

መንታ መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ ክቡ ሰፊ ነው፣ ማንም ወደ መሃል አይጠጋም። ሚኒባስ ቆሟል። ተንጠራርቼ አየሁ። ሳጥኗ ተፈነቃቅላ፣ ነጭ ጥጥ አስፋልቱ ላይ ተበትኖ፣ ጥጡ ላይ ጥርስ ተቀምጧል። የሰው ጥርስ፤ ላይኛውም ታችኛውም ከነድዱ። ሁለቱም ባንድነት በቀይ ክር ታስረዋል።

እዚያው መቀመጥ አማረኝ። ያን ሁሉ መንገድ በእጄ ቀጭ ቀጭ እያለ የመጣው ይኼ ነው!

«መተት ነው» አሉ ማዕዘኑ ላይ አትክልት የሚሸጡት እማማ ወለተ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው። «ጥርስ በክር ከታሰረ የሰው አፍ ለመዝጋት ነው። ክስ ያለበት ሰው ነው ያስደረገው፤ ምስክር እንዳይናገርበት።»

በስልክ የሰማሁት «ፍፍፍ» ትዝ አለኝና ፀጉሬ ቆመ፤ በቀኝ በኩል የሚቆም አልነበረም እንጂ።

«ድዱን እዩት፣ ቀይ ነው፤ ገና ትኩስ ነው!» አለ አንዱ።

«ፋዘር፣ እኔ በዚህ አላልፍም» አለ የሚኒባሱ ሾፌር ለባለ ሱቁ ለሐጂ ኑሩ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «ጎማዬ ላይ ከተለጠፈ ማን ይነቅልልኛል? ነቄ ነኝ እኔ።»

ሐጂ ኑሩ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው በልባቸው ቁርኣን ይቀራሉ። «አርባ ደቂቃ ሆነው። ሰውም አልነካው፣ ውሻም አሽትቶት ሸሸ» አሉ።

አሁን የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራችሁ። «ዕቃው የእኔ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ይልቁንም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ፣ «ማነው ደግሞ ይኼን የሰው መንገድ ላይ የጣለው? አያፍርም?» አልኩ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀልኝ። ያኔ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘነበች ናቸው።

«ደረሰ?»

«ሰፈሩ ደርሷል።»

«ተረከቡት?»

«ሰው… እያየው ነው።»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሆኗል! ሽማግሌዎቹ ሰውየውን እየጠበቁ ነው፤ ልጅ ሊጠይቁ እኮ ነው የሚሄዱት!» ብለው ዘጉት።

ቀስ በቀስ እየገባኝ መጣ፤ ሙሉ በሙሉ ግን ሳይገባኝ ሐጂ ኑሩ ከሱቃቸው በጠርሙስ ነጭ ጋዝና ክብሪት ይዘው ወጡ። «አላህ ይጠብቀን፤ እናቃጥለውና መንገዱ ይከፈት» አሉ። እማማ ወለተ፣ «አዎ፣ ይቃጠል፤ በስመ አብ» አሉ። ሁለቱ በሃይማኖት አይገናኙም፤ በጥርሱ ጉዳይ ግን አንድ ሆኑ።

ፍርሃት ፍርሃትን ሲገፈትረው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጥርሱን እፈራለሁ። ሰዉን እፈራለሁ። እትዬ ዘነበችን እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ ግን እዚያ ቤት ውስጥ አፋቸውን ይዘው እኔን የሚጠብቁት ሽማግሌ ታዩኝ። የጋዙ ጠርሙስ ሲዘቀዘቅ እግሬ ሳያማክረኝ መሃል ገባ።

«ተዉ! አታቃጥሉት! አደራ ነው!»

ክቡ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ግማሽ ጭንቅላቱን የተላጨ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ጥርሱ አጠገብ ቆሞ አደራ ነው ሲል ሰምተው ምን ይበሉ?

«እሱ ነው!» አሉ እማማ ወለተ። «ሊያነሣው መጣ! ቅድም አያፍርም እያለ ሲያደናግረን የነበረው!»

«የማን አደራ ነው?» አሉኝ ሐጂ ኑሩ፣ ክብሪቱን እንደያዙ።

«የሰው ዕቃ» አልኩ።

ይህ መልስ ምንም አልጠቀመኝም። አንዱ ድንጋይ ሲያነሣ አየሁ። በርከክ ብዬ የፀጉር ቤቱን ጨርቅ ጥርሱ ላይ እንደ ድንኳን ዘረጋሁበት፤ ልነካው ግን አልደፈርኩም። ዓይኔን ጨፍኜ የሚመጣውን ስጠብቅ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፤ ኮ፣ ኮ፣ ኮ። ሰዉ ተከፈለ። ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው መጡ፤ ስልክ የያዘች ሴት ክንዳቸውን ደግፋለች። ሽማግሌው አላናገሩኝም። በከዘራቸው ጫፍ ጨርቁን ገለጥ አደረጉና አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ጎንበስ ብለው ጥርሱን አነሡት።

ሰዉ በአንድ አፍ «እ!» አለ።

ልጃቸው ከቦርሳዋ የላስቲክ ውሃ አወጣች። እሳቸው ክሩን ፈቱ፣ ጥርሱን ደጋግመው አለቀለቁ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትንሽ ቆዩ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ነጠላውን ከአፋቸው አወረዱና ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እናንተ ሰዎች፣ ሥራ የላችሁም እንዴ?» አሉ።

እንዲህ ያለ ሩጫ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሚኒባሱ ወደ ኋላ እንደሄደ ከዓይን ጠፋ። እማማ ወለተ ቲማቲማቸውን ጥለው ሄዱ። ጨርቁን ሊወስድ የመጣው ፀጉር አስተካካይ ከሁሉም ቀደመ። ሐጂ ኑሩ ብቻ ቀሩ፤ ሱቃቸው ክፍት ስለነበረ መሄጃ የላቸውም።

ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። እኔ ገና እንደተንበረከክሁ ነኝ።

«ጥርሴ ተሰብሮ ሊጠገን ከሰጠሁት ሳምንቱ ነው፤ ላይና ታቹ እንዳይለያይ በክር ያሰረው ጠጋኙ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ልጅ ልጠይቅለት የምሄደው ጎረቤቴ አባት የለውም። አባት ሆኜ የምናገርለት እኔ ነኝ። ድዴን ይዤ ብቀርብ የሚስቁት በእኔ አይደለም፣ በእሱ ነው። ስንት ሰዓት ነው?»

«ለዘጠኝ አምስት ጉዳይ።»

«ደረስክልኝ» አሉ። ሰው እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ፊርማ መቀበል እንዳለብኝ እንኳ ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ፈርመውልኝ ሲሄዱ ዞር ብለው፣ «እሺ ካሉን የሠርጉን ጥሪ እልክልሃለሁ፤ ካልመጣህ እቀየምሃለሁ» አሉኝ።

እሺ ተብለው መጡ።

ለእትዬ ዘነበች ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከዋሸሁ ድምፄ ይታወቅብኛል። እግሬን ይዤ ልሄድ ተዘጋጅቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን ከሁሉም አንዱን ብቻ መልሰው ጠየቁኝ።

«አርባ ደቂቃ መንገድ መሃል ወድቆ ማንም አልነካውም?»

«ማንም።»

«በፒያሳ ምድር?»

«ሰውም ውሻም።»

በመስኮቱ ወደ አደባባዩ አዩ። ሰኞ ጠዋት ስመጣ ጠረጴዛቸው ላይ ትልቅ የቀይ ክር ጥቅል ተቀምጧል። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኛ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በቀይ ክር ሰባት ጊዜ ይታሰራል። አሳሪው እኔ ነኝ፤ ፊቴን አዙሬ፣ አድራሻውን ሳላይ አስራለሁ። ደንበኛ ቤት ባይኖር ዕቃውን ደጁ ላይ አስቀምጠን እንመጣለን፤ ከጎረቤት ጠብም ዳንን። አንድም ዕቃ ጠፍቶብን አያውቅም። ባለ ካርታዎቹ ድርጅቶች ምስጢራችሁ ምንድን ነው እያሉ ሰው ልከው አስጠይቀዋል። እትዬ ዘነበች አራተኛ እግረኛ ሊቀጥሩ ነው።

እኔ ግን ችግር ላይ ነኝ። ባለፈው ረቡዕ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ አንድ ዕቃ ተቀምጦ አገኘሁ። ጠፍጣፋ ነው፣ የካርድ ያህል። በቀይ ክር ሰባት ጊዜ ታስሯል። ቋጠሮውን አየሁት፤ የእኔ ነው፤ በገዛ እጄ ያሰርኩት ነው። ከማን እንደመጣም እገምታለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ሦስት ቀኔ ነው በመስኮት ስገባና ስወጣ። ጎረቤቶቼም በሩቁ ዞረው ነው የሚያልፉት።

ሠርጉ መቼ እንደሆነ አላውቅም። ውስጡ ሳይጻፍ አይቀርም።